ቀረጡ ትንሽ ከነበረ አሜሪካውያን በእንግሊዝ ላይ ለምን ተነሡ?

ጥያቄ፦ ለአሜሪካ የዜግነት ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «ቅኝ ተገዥዎቹ ከእንግሊዝ ጋር የተዋጉት ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ «በከፍተኛ ግብር ምክንያት» ይላል። ሌላ ቦታ ግን ግብሩ በጣም ዝቅተኛ እንደነበር፣ የሻይ ዋጋም ጭራሽ ቀንሶ እንደነበር አነበብኩ። እውነቱ የትኛው ነው? ግብሩ ትንሽ ከነበረስ ደም እስከ መፋሰስ ያደረሳቸው ምንድን ነው?

ምላሽ፦ ያነበቧቸው ሁለት ነገሮች የሚጋጩ ቢመስሉም ሁለቱም መሠረት አላቸው። ለፈተናው መጽሐፉ እንደሚለው ይመልሱ፤ ነገር ግን «ከፍተኛ ግብር» ከሚለው ጋር አብሮ የተቀመጠው «ያለ ውክልና የተጣለ ግብር» የሚለው ሐረግ ለታሪኩ ይበልጥ የቀረበ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሌላው መልስ፣ ማለትም የእንግሊዝ ወታደሮች በሰዎች ቤት ማደራቸው፣ በአብዛኛው የተጋነነ ነው፤ የ1765ቱ ሕግ ወታደሮቹን በጦር ሰፈር፣ በመጠጥና በእንግዳ ማረፊያ ቤቶች፣ ቦታ ከጠፋም ሰው በማይኖርባቸው ሕንፃዎች እንዲያርፉ የሚያዝ እንጂ ቤተሰብ በሚኖርበት ቤት የሚያስገባ አልነበረም። የራስ አስተዳደር አልነበራቸውም የሚለው መልስም ቢሆን መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። የራስ አስተዳደርማ ለብዙ ዘመን ነበራቸው፤ ያስነሣቸው እሱን እንነጠቃለን የሚለው ሥጋት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከ1763 በፊት እንዴት ይተዳደሩ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የነበሩት 13ቱ ቅኝ ግዛቶች እያንዳንዳቸው መሬት ያላቸው ወንዶች የሚመርጡት ምክር ቤት ነበራቸው፤ የቨርጂኒያው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በ1619 ነው። በአብዛኞቹ ቅኝ ግዛቶች አገረ ገዥውን የሚሾመው ንጉሡ ሲሆን፣ አገረ ገዥውም የምክር ቤቱን ሕግ የመሻርና ምክር ቤቱን የመበተን ሥልጣን ነበረው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥልጣኑ ሁሉ በእሱ እጅ ይመስላል። ደመወዙን የሚያጸድቀው ግን ያው ምክር ቤት ነበር፤ በብዙ ቦታም በየዓመቱ እየተመከረበት ነው። የሰዎቹን ሐሳብ ፈጽሞ የማይሰማ አገረ ገዥ ደመወዙ ሊዘገይ ወይም ሊቀነስ ይችል ስለነበር፣ ከለንደን የመጣለትን ትእዛዝ ለዘብ አድርጎ መፈጸምን ይለምድ ነበር። ይህ በየትኛውም ሕገ መንግሥት ላይ ያልተጻፈ፣ ግን በተግባር የሠራ ሥርዓት ነው። የቀረውን ታሪክ ሁሉ የሚያያይዘው ክር ይኸው ስለሆነ ደመወዝ የሚለውን ነገር እንዳይረሱት አደራ እላለሁ።

በዚህ ሁኔታ የሕዝቡ ብዛት በ1700 ከነበረበት ሩብ ሚሊዮን ገደማ በ1775 ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ደረሰ። እንግሊዝ ንግዱን የሚቆጣጠሩ ሕጎች ቢኖሯትም አፈጻጸማቸው የላላ ነበር። ለምሳሌ በ1733 ከፈረንሳይና ከሌሎች አገሮች ደሴቶች በሚገባ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፍ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ተጥሎ ነበር፤ ሞላሰሱ ግን በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም በሰሜኖቹ ቅኝ ግዛቶች፣ የሚጠመቀው ረም የተባለው አረቄ ዋና ግብዓት ስለነበር ነጋዴዎቹ ለጉምሩክ ሹማምንት ጉቦ እየሰጡ ያስገቡት ነበር፤ ለንደንም ዓይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ይህን መቻቻል ያፈረሰው ጦርነት ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 በድል ሲያበቃ ካናዳንና ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለውን ሰፊ ምድር አስገኘላት፤ ብሔራዊ ዕዳዋ ግን 75 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከነበረበት ወደ 130 ሚሊዮን አሻቀበ። ከመንግሥቱ ዓመታዊ ወጪ ከግማሽ በላዩ ለዕዳው ወለድ ይውል ነበር። በአገር ውስጥ ያለው እንግሊዛዊ በነፍስ ወከፍ 26 ሺሊንግ ገደማ ሲከፍል የአሜሪካ ሰፋሪ አንድ ሺሊንግ ያህል ብቻ ይከፍል እንደነበር ይገመታል። እንግዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ግሬንቪል በአሜሪካ ለሚቀረው 10,000 ያህል ጦር ወጪውን ሰፋሪዎቹም ይጋሩ ማለታቸው በሒሳብ ደረጃ ምክንያታዊ ነበር። ግሬንቪልን እንደ ጨካኝ የሚስል አቀራረብ ለእኔ ተገቢ አይመስለኝም፤ ሰውዬው ቁጥር የሚያውቁ፣ የበጀት ጉድለት ያስጨነቃቸው አስተዳዳሪ ነበሩ። ያላዩት ነገር ቢኖር ለሰፋሪዎቹ ጥያቄው የመጠን ሳይሆን የሥልጣን መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታ ከግብር ጋር ያልተያያዘ ነበር። በጥቅምት 1763 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተ ምዕራብ ሰፋሪ እንዳይገባ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ዓላማው በዚያው ዓመት በመሪያቸው በፖንቲያክ ስም በሚታወቀው ጦርነት የተነሡትን የአገሬውን ሕዝቦች ማረጋጋትና ተጨማሪ የጦር ወጪ እንዳይመጣ መከላከል ነበር። መሬት ፈላጊው ገበሬም፣ በምዕራቡ መሬት ላይ ገንዘባቸውን ያዋሉ እንደ ጆርጅ ዋሽንግተን ያሉ የቨርጂኒያ ባለጸጎችም ግን አዋጁን እንደ እንቅፋት ቆጠሩት። ይህ የመሬት ጥማት የአመፁ ምክንያት መሆኑ በበዓላት ንግግሮች ውስጥ ብዙም አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ የሞላሰሱን ቀረጥ ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ ዝቅ አደረገው። ቀረጡ ተቀንሶ ሳለ ቁጣ መምጣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአሁኑ ቀረጥ በእርግጥ ሊሰበሰብ የታሰበ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ በኮንትሮባንድ የተከሰሰ ነጋዴ የአካባቢው ሰዎች በዳኝነት በሚቀመጡበት ችሎት ፈንታ ያለ ሕዝብ ዳኞች በሚፈርድ የባሕር ኃይል ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችል ነበር።

ቁጣውን ከነጋዴዎች ወደ ሕዝቡ ያወረደው በመጋቢት 1765 የጸደቀውና ከኅዳር 1 ጀምሮ ሊሠራበት የታቀደው የቴምብር ቀረጥ ሕግ ነው። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ፣ የመሬት ሽያጭ ውል፣ የመርከብ ፈቃድ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ ጋዜጣ፣ የመጫወቻ ካርታ፣ ዳይ (ነጠብጣብ ያለበት የቁማር መጫወቻ) ሳይቀር ማኅተም የተመታበት ወረቀት እንዲኖረው ታዘዘ። የኮሌጅ ዲፕሎማ 2 ፓውንድ፣ አንድ ጥንድ ዳይ 10 ሺሊንግ ይከፈልበታል። ክፍያው በእንግሊዝ ገንዘብ መሆን ሲገባው፣ ከአንድ ዓመት በፊት ቅኝ ግዛቶቹ የራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጡ ጥብቅ ገደብ ተጥሎባቸው ስለነበር የብር ሳንቲም በእጃቸው እምብዛም አልነበረም። ሕጉ የነካቸውን ሰዎች ልብ ይበሉ፦ ጠበቃ፣ አታሚ፣ ነጋዴ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት። አታሚው ቅሬታውን በጋዜጣ ያወጣዋል፣ ጠበቃው ሕጋዊ መልክ ይሰጠዋል፣ መጠጥ ቤቱም ወሬው የሚዛመትበት ቦታ ነው። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በቦስተን ቴምብር እንዲያከፋፍል የተሾመው አንድሩ ኦሊቨር በነሐሴ ወር ምስሉ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ዋለ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የምክትል አገረ ገዥው የቶማስ ሃቺንሰን ቤት በሕዝብ ተዘርፎ ፈረሰ። በጥቅምት የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች ልዑካን ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አወጡ። ኅዳር 1 ሲደርስ አከፋፋዮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥራቸውን ለቀው ቴምብሩን የሚሸጥ ሰው አልነበረም።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሰፋሪዎቹ «እኛ እንግሊዛውያን ነን፤ እንግሊዛዊ ደግሞ ራሱ በመረጠው እንደራሴ አማካይነት ካልተስማማ በቀር ንብረቱ አይወሰድበትም፤ በፓርላማው አንድም የመረጥነው ሰው የለንም» አሉ። ለንደን ደግሞ ማንቸስተርና በርሚንግሃምም የራሳቸው እንደራሴ እንደሌላቸው አመለከተች፤ የፓርላማ አባል የሚወክለው የመረጠውን ወረዳ ብቻ ሳይሆን መላውን ግዛት ነው ብላም መለሰች። ይህ መልስ በጊዜው ከንቱ ሰበብ አልነበረም። ሆኖም ደካማ ጎን ነበረው፦ ለማንቸስተር ሰው ግብር የሚጥል የፓርላማ አባል ያንኑ ግብር ራሱም ይከፍላል፤ በአሜሪካ ላይ የሚጥለው ግን በተቃራኒው የራሱን ሸክም ያቀልለታል። በዚህ ነጥብ ላይ ሰፋሪዎቹ ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ንግዳቸው የተጎዳባቸው የለንደን ነጋዴዎች አቤቱታ ተጨምሮበት የቴምብሩ ሕግ በመጋቢት 1766 ተሻረ። በዚያው ቀን ግን ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ሁሉ ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስገድድ ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን እንዳለው የሚደነግግ ሌላ ሕግ አጸደቀ። ሰፋሪዎቹ በደስታ ርችት ሲተኩሱ ይህን ሁለተኛ ሕግ ብዙም አላስተዋሉትም።

በ1767 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቻርልስ ታውንሰንድ በመስታወት፣ በእርሳስ፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ የገቢ ቀረጥ ጣሉ። ብዙ ጽሑፎች የዕቃዎቹን ዝርዝር ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ዋናው ነገር ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ነው። ሕጉ ገቢው ለአገረ ገዥዎችና ለዳኞች ደመወዝ እንዲውል ይፈቅድ ነበር። ቀደም ሲል ያነሣሁትን ሥርዓት ያስታውሱ፤ አገረ ገዥው ደመወዙን ከጉምሩክ ካገኘ ምክር ቤቱን የሚሰማበት ምክንያት የለም፣ ጭራሽ እንዲሰበሰብ የሚያደርግበትም ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ በሻይ ላይ የተጣለች 3 ፔንስ የምታህል ቀረጥ የሕዝቡን ብቸኛ ልጓም ልታስጥል ትችላለች። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ምክር ቤት የወታደሮቹን ስንቅና ማረፊያ አልሸፍንም በማለቱ ፓርላማው እሺ እስኪል ድረስ ሌላ ሕግ እንዳያወጣ የሚያግድ ድንጋጌ አወጣ። ሥጋቱ ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ተቃውሞው በዋናነት የእንግሊዝን ዕቃ ባለመግዛት ተካሄደ። ቦስተን ላይ የጉምሩክ ሹማምንት በ1768 የጆን ሃንኮክን መርከብ ሲይዙ ረብሻ ስለተነሣ በጥቅምት ጦር ወደ ከተማዋ ገባ። ወታደሮቹ ከሥራ ሰዓት ውጭ በርካሽ ይቀጠሩ ስለነበር ከከተማው የቀን ሠራተኞች ጋር ጠብ አልጠፋም። መጋቢት 5 ቀን 1770 ምሽት ላይ በጉምሩክ ቤቱ ፊት የተሰበሰበ ሕዝብ የበረዶ ብትንና ዱላ ሲወረውር ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የአፍሪካና የአገሬው ተወላጅ ዘር የነበረው መርከበኛ ክሪስፐስ አታክስ ነው። ወታደሮቹን በፍርድ ቤት የተከራከረላቸው ከተቃዋሚዎቹ ወገን የሆነው ጆን አዳምስ ሲሆን አብዛኞቹ ነፃ ወጡ፤ ሁለቱ ብቻ በቀላል የነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት፣ ገና ከፍርዱ በፊት፣ ለንደን ከሻይ በቀር የቀሩትን ቀረጦች አነሣች፤ ሁለት ሦስት ዓመት ያህል ነገሩ በረድ አለ።

እንደገና ያቀጣጠለው ያው የደመወዝ ጉዳይ ነው። አሁን አገረ ገዥ የነበረው ሃቺንሰን በ1772 ደመወዙን ከዘውዱ እንደሚቀበል አስታወቀ፤ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችም እንደዚሁ ሊደረጉ መሆኑ ተሰማ። ቤቱ በሕዝብ ቁጣ የፈረሰበት ሰው አሁን ከሕዝቡ ምክር ቤት ምንም የማይጠብቅ ሆነ። በኅዳር የቦስተን ነዋሪዎች በሳሙኤል አዳምስ ሐሳብ አቅራቢነት ከሌሎች ከተሞች ጋር የሚጻጻፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። በየመንደሩ ተመሳሳይ ኮሚቴዎች ስለተፈጠሩ አንድ ዜና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር መድረስ ቻለ፤ ኋላ የአመፁ አስተዳደር የተገነባው በእነዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። ከእስያ ጋር የሚነግደው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በመጋዘኑ እጅግ ብዙ ያልተሸጠ ሻይ ተከማችቶበት ለክስረት ተቃርቦ ነበር። በግንቦት 1773 የወጣው የሻይ ሕግ ኩባንያው እንግሊዝ ውስጥ የሚከፍለው ቀረጥ እንዲመለስለትና በመረጣቸው ወኪሎች በኩል በቀጥታ በአሜሪካ እንዲሸጥ ፈቀደ። ስለዚህ ያነበቡት እውነት ነው፤ ሻዩ ከኮንትሮባንዱ ጋር እስከ መወዳደር ሊረክስ ነበር። በፓርላማው ክርክር ላይ 3ቱ ፔንስ ይነሡና ሻዩ በሰላም ይሸጥ የሚል ምክር ቀርቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ እምቢ አሉ፤ የአገረ ገዥዎችና የዳኞች ደመወዝ የሚከፈለው ከዚያ ገንዘብ ነበርና። ሰፋሪዎቹም ርካሹን ሻይ እንደ ማባበያ አዩት፤ አንድ ጊዜ ገዝተው ከጠጡ ቀረጡን ተቀብለዋል። በእርግጥ ከኮንትሮባንድ ሻይ ያተርፉ የነበሩና ከወኪልነቱ የተገለሉ ነጋዴዎችም በጉዳዩ ጥቅም ነበራቸው፤ የቦስተን ወኪሎች መካከል የሃቺንሰን ልጆች መኖራቸውም ነገሩን አባሰው።

በኒውዮርክና በፊላደልፊያ የሻይ መርከቦቹ ሳያራግፉ ተመለሱ። በቦስተን ግን ሃቺንሰን አልበገርም አለ። ዳርትማውዝ የተባለችው መርከብ ኅዳር 28 ስትገባ የ20 ቀን ገደብ መቆጠር ጀመረ፤ በሕጉ መሠረት በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀረጡ ካልተከፈለ ጉምሩክ ጭነቱን ይወርሳል። ከተወረሰ ደግሞ ተሸጦ ቀረጡ መከፈሉ አይቀርም። ገደቡ በሚያበቃበት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 16፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በኦልድ ሳውዝ የጸሎት ቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ የመርከቧ ባለቤት ወጣቱ ፍራንሲስ ሮች ሻዩን እንደያዘች ትመለስ ዘንድ ፈቃድ እንዲለምን ከከተማው ውጭ ወዳለው ወደ ሃቺንሰን መኖሪያ ተላከ። ከመሸ በኋላ ተመልሶ መከልከሉን ነገራቸው። ወዲያው ፊታቸውን ቀብተው የሞሃውክ ሕዝብ ተወላጆች የመሰሉ ሰዎች ወደ ወደቡ ወርደው ከሦስት መርከቦች 342 ሣጥን፣ ክብደቱ ከ40,000 ኪሎ በላይ የሆነ ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉት።

የለንደን መልስ በ1774 የወጡት የቅጣት ሕጎች ናቸው። የሻዩ ዋጋ እስኪከፈል ድረስ የቦስተን ወደብ ተዘጋ። በእኔ ግምት ከዚህ የከፋው የማሳቹሴትስን አስተዳደር የቀየረው ሕግ ነው፤ የላይኛው ሸንጎ አባላት በንጉሡ እንዲሾሙ፣ ዳኞች በአገረ ገዥው እንዲሾሙና እንዲሻሩ፣ የከተማ ስብሰባ ከዓመት አንድ ጊዜ በላይ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ አዘዘ። ቦስተን ሄዶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ በዚህ ተነካ፤ የዕዳውንና የመሬቱን ክርክር የሚዳኘው ሰው አሁን ተጠሪነቱ ለሌላ ነው። መስከረም 6 ቀን ዉስተር በምትባለው ከተማ ከ4,600 በላይ የአካባቢው ሚሊሺያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ችሎት ሊያስችሉ የመጡትን ዳኞችና ሹማምንት በመካከል አሳለፋቸው። እነርሱም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሁሉም እንዲሰማ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እየደጋገሙ፣ በአዲሱ ሕግ እንደማይሠሩ አነበቡ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም፤ በዚያ አውራጃ ግን የእንግሊዝ መንግሥት በዚያን ቀን አበቃ። ለእኔ ጦርነቱን ከጀመረው ከሌክሲንግተን ተኩስ ይልቅ የመለያየቱን ባሕርይ የሚያሳየው ይህ ትዕይንት ነው። በዚያው መስከረም የ12 ቅኝ ግዛቶች ልዑካን ኮንግረስ በተባለ ጉባኤ ፊላደልፊያ ላይ ተገናኙ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፍቶ ስምንት ሰፋሪዎች ወደቁ።

ሁሉም ሰው በአንድ ምክንያት አልተነሣም። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። በኅዳር 1775 የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከአመፀኛ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሮች ነፃነት ሲያውጅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደ እርሱ ሄዱ፤ እስከዚያ ያመነቱ የቨርጂኒያ ባለ ባሮች ደግሞ በቁጣ ወደ አመፁ ተቀላቀሉ። ስለ ነፃነት የጻፉ እጆች ሰው እንደ ንብረት የያዙ እጆች መሆናቸው በታሪኩ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በካሪቢያን ባሕር ያሉት የእንግሊዝ ደሴቶች ጃማይካና ባርቤዶስ የቴምብሩን ሕግ ቢያማርሩም አልተነጠሉም፤ በዚያ በባርነት የተያዘው ሕዝብ ከነጮቹ እጅግ ይበልጥ ስለነበር ባለ እርሻዎቹ የእንግሊዝን ጦር ይፈልጉት ነበር፣ ስኳራቸውም የሚሸጠው በተጠበቀው የእንግሊዝ ገበያ ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም ብዙዎች ጠባቸው ከፓርላማው እንጂ ከንጉሡ ጋር አይደለም ይሉ ነበር። በሐምሌ 1775 የላኩትን የእርቅ ልመና ንጉሡ ሊቀበሉ አልፈቀዱም፤ በነሐሴ 23 አመፀኞች ናቸው ብለው አወጁ፤ ቀጥሎም ከጀርመን መሳፍንት ወታደር ተከራዩ። በጥር 1776 ከእንግሊዝ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ቶማስ ፔን ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በንጉሥ መገዛትን ራሱን ሲነቅፍ በርካታ አንባቢ የሰማው ንጉሡ የመጨረሻውን ተስፋ ራሳቸው ስለቆረጡት ነው። ሐምሌ 2 ኮንግረሱ ለነፃነት ድምፅ ሰጠ፤ ሐምሌ 4 መግለጫውን አጸደቀ።

ጉዳዩ የግብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱ በ1778 ሊያበቃ ይችል ነበር። እንግሊዝ በሳራቶጋ ጦሯ ከተማረከባት በኋላ ፓርላማው በዚያ ዓመት ለገቢ ሲል በቅኝ ግዛቶቹ ላይ ግብር እንደማይጥል በሕግ አስታወቀ፤ የሻዩን ቀረጥ ሰረዘ፤ የማሳቹሴትስን አስተዳደር የቀየረውንም ሕግ ሻረ። በ1765 የተለመነው ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ ተሰጠ። በኧርል ካርላይል የሚመራው የሰላም ልዑክ ይህንን ይዞ በሰኔ ፊላደልፊያ ሲደርስ ኮንግረሱ በየካቲት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውን የወዳጅነት ውል አስቀድሞ አጽድቆ ነበር። የሰጠውም መልስ፣ ነፃነታችን ካልታወቀ ወይም ጦራችሁን ካላስወጣችሁ ድርድር የለም የሚል ነው። ፓርላማ የሰጠውን ሕግ ፓርላማ ሊሽረው ይችላል፤ የ1766ቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ የሚያስታውሱ ሰዎች በዚያ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር።